የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በመብረቅ ሞገድ የአዮኖስፌርን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከጣና ዳር መለካት

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። መብረቅ የሚለቀውን የሬዲዮ ሞገድ በመቅዳት፣ ከ70 እስከ 95 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ እንዴት ማወቅ ይቻላል? ተመሳሳይ የሆኑትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ፊኛም ሮኬትም ሳይላክ ከመሬት ሆኖ የላይኛውን አየር አስተላላፊነት መለካት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። በትክክል የሚለካው ምንድን ነው? ቁጥሩስ እንዴት ይወጣል? (የፊዚክስ ተማሪ፣ ከፔዳ ግቢ)

መልስ፦ በቀጥታ የሚለካው ከፍታ ነው። አስተላላፊነቱ ከከፍታው ተነሥቶ በስሌት ይገኛል። ይህን ከጅምሩ ለይቶ የያዘ ሰው ከብዙ ስሕተት ይድናል።

የሳይንስ ፊኛ ብዙውን ጊዜ ከ40 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ሳተላይት ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በታች ወርዶ መዞር አይሆንለትም፤ አየሩ ይጎትተዋል። በመካከሉ ያለውን ክፍል የሚነካው ለጥቂት ደቂቃ ደርሶ የሚመለስ ሮኬት ወይም የሬዲዮ ሞገድ ነው።

መብረቅ የሚረጨው ሞገድ ከታች በመሬት፣ ከላይ በአዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው የላይኛው አየር) ታጥሮ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በሁለቱ መካከል እየነጠረ የሚሄደው ክፍል ግን አንድ ወሰን አለበት፤ የሞገዱ ግማሽ ርዝመት ከጣሪያው ከፍታ ከበለጠ አያልፍም። ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ያለው ያልፋል፣ ግን እየተጎተተ ነው። የ5 ኪሎሄርዙ ቀድሞ ይደርሳል፣ የ1.8 ኪሎሄርዙ በብዙ ሚሊሰከንድ ይዘገያል። በድምፅ ማጉያ ሲሰማ አጭር የወፍ ጭጭታ ይመስላል፤ ስሙም ትዊክ ነው። ትዊኩ ወርዶ የሚቆምበት ድግግሞሽ የወሰን ድግግሞሽ ይባላል፤ ሌሊት 1,700 ሄርዝ አካባቢ ነው።

ስሌቱ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከፍታው፦ የብርሃንን ፍጥነት፣ በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር፣ ለወሰን ድግግሞሹ እጥፍ ያካፍሉ። ለ1,700 ሄርዝ 88.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቀጥሎ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት፦ የወሰን ድግግሞሹን ኤሌክትሮን በምድር መግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ በሚሽከረከርበት ድግግሞሽ ያባዙ፤ ውጤቱን በ1.241 አባዝተው ለ100 ሚሊዮን ያካፍሉ። ከባሕር ዳር እስከ ምሥራቅ ኮንጎ ባለው መንገድ፣ በዚያ ከፍታ፣ የመሽከርከሪያው ድግግሞሽ ወደ 0.93 ሜጋሄርዝ ነው። የሚገኘው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 20 ኤሌክትሮን ገደማ ነው። በዚያው ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት የአየር ሞለኪውሎች ወደ 100 ትሪሊዮን ይደርሳሉ፤ 20 ኤሌክትሮን ነው እንግዲህ ሞገዱን የሚመልሰው።

ሦስተኛው ደረጃ አስተላላፊነቱ ነው። በ88 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ኤሌክትሮን በሰከንድ 330,000 ጊዜ ያህል ከአየር ጋር ይጋጫል። በኪዩቢክ ሜትር ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት በቻርጁ ስኩዌር አባዝተው፣ ለኤሌክትሮኑ ክብደትና ለግጭቱ ብዛት ብዜት ቢያካፍሉ 1.7 ማይክሮ ሲመንስ በሜትር (የአስተላላፊነት መለኪያ ነው) ያገኛሉ። መሬት አጠገብ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር መቶ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ነው።

ሪፖርት ሲጽፉ ግን አንድ ነገር አይዝለሉ። ይህ ቁጥር በመግነጢሳዊው መስመር ርዝመት ለሚሄድ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። በዚያ ከፍታ ኤሌክትሮኑ ከመጋጨቱ በፊት ደጋግሞ ስለሚሽከረከር፣ መስመሩን አቋርጦ የማለፍ አቅሙ በ300 እጥፍ ያህል ያንሳል። የመግነጢስ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ ከባሕር ዳርም ብዙ ስለማይርቅ መስመሮቹ በእኛ ሰማይ ላይ አግድም የተኙ ናቸው። ስለዚህ ከላይ ያለውን የኤሌክትሮን ቀመር ሩቅ ሰሜን ያለ ሰው በሚያምነው መጠን ማመን አይገባም። ከፍታውን በልበ ሙሉነት ይጻፉ፣ ብዛቱንና አስተላላፊነቱን «በግምት» ብለው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ መቀበያውን ራሳችን መሥራት እንፈልጋለን። በገበያ በሚገኝ ዕቃ ይሆናል? ልኬቶቹን በዝርዝር ብትጽፉልን። (መምህር፣ ከሐሙሲት)

መልስ፦ ይሆናል። ከዘንግ አንቴና ይልቅ የሽቦ ቀለበቱን ይምረጡ፤ በጠል አይረበሽም፣ ጥሩ ኧርዝም አይጠይቅም።

ሁለት የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ አጣና፣ እያንዳንዱ 2.9 ሜትር፣ በመስቀል ቅርጽ እሰሩ። በአራቱ ጫፎች ላይ የተለመደውን 1.5 የቤት ሽቦ 10 ዙር ጠምጥሙ። ጎኑ 2 ሜትር የሆነ ካሬ ይሆናል። የሚወስደው ሽቦ 80 ሜትር ስለሆነ አንድ የ100 ሜትር ጥቅልል ይበቃል። ትርፉን እንደተጠቀለለ አትተዉት፣ ቁረጡት። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ገምዳችሁ ወደ ማጉያው ሳጥን አስገቡ። ቀለበቱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ በገመድም ይወጠር።

የሚመጣው ምልክት በጣም ትንሽ ነው። 10 ፒኮቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) የሆነ ትዊክ በዚህ ቀለበት ላይ 4 ማይክሮቮልት ያህል ብቻ ያስገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ለማይክሮፎን የሚሠራ ከ150 ኦም ወደ 15 ኪሎ ኦም የሚለውጥ ትራንስፎርመር ይግባ፤ ቮልቴጁን 10 እጥፍ ያደርገዋል። በውጤቱ በኩል የ15 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና የ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን ይታሰሩ። ካፓሲተሩ የመካከለኛ ሞገድ የሬዲዮ ጣቢያን ያስቀራል፣ ሬዚስተሩ ቀለበቱና ካፓሲተሩ ተባብረው እንዳይጮኹ ያደርጋል። «ትልቅ ቢሆን ይሻላል» ብሎ 1 ናኖፋራድ የሚያስገባ አለ፤ ያኔ መቀበያው 17 ኪሎሄርዝ ላይ ያስተጋባል፣ ስፔክትረሙም ይጣመማል።

ከዚያ ኤንኢ5534 የተባለው ኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ)፦ የመጀመሪያው ደረጃ በ10 ኪሎ ኦምና በ100 ኦም 100 እጥፍ ያጎላል። ወደ ሁለተኛው ደረጃ በ0.33 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና በ1 ኪሎ ኦም በኩል ይለፍ። ይህ ከ480 ሄርዝ በታች ያለውን እየቀነሰ የመብራት መስመሩን 50 ሄርዝ ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ሁለተኛው ደረጃ 20 እጥፍ ያጉላ፣ በፖቴንሺዮሜትርም ይስተካከል። ይህ ኦፕአምፕ ከ3 እጥፍ በላይ በሚያጎላ ቦታ ተጨማሪ ማካካሻ ካፓሲተር አይፈልግም። በኃይል መግቢያ እግሮቹ ላይ ግን 0.1 ማይክሮፋራድ ካልተደረገ ራሱ መጮህ ይጀምራል።

ኃይሉ ከሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይምጣ፤ አልካላይን ከሆኑ ለሦስት አራት ሌሊት ይበቃሉ። የመብራት አስማሚ በፍጹም አይጠቀሙ። ማጉያው ከቀለበቱ እግር ሥር፣ ላፕቶፑ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ በመካከላቸው ሺልድ ያለው ኬብል ይዘርጋ። የውጤቱ ኬብል ቀለበቱን እየታከከ ካለፈ ያጎላው ምልክት ተመልሶ ይገባና ፉጨት ይሆናል።

አቅጣጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀለበቱ በደንብ የሚሰማው በፊቱ በኩል ሳይሆን በጠርዙ በኩል ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት መብረቁ የሚበዛው ኮንጎ ላይ ነው፤ ምሥራቅ ኮንጎ ከባሕር ዳር 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጠርዙን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙሩ። የመብራት መስመር ካስቸገረ ግን አቅጣጫውን ትታችሁ ጉርምርምታው እስኪቀንስ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ከምልክቱ ትንሽ ቢጎድል ይሻላል።

በ48,000 ናሙና በሰከንድ፣ በ16 ቢት፣ በዌቭ ፋይል ቅዱ። አንድ ሰዓት 346 ሜጋባይት ይወስዳል። የሚለካው ድግግሞሽ እንጂ ጥንካሬ ስላልሆነ ማጉያውን ካሊብሬት ለማድረግ አትድከሙ።

በክረምት መብረቁ እዚሁ ስለሆነ መቀበያው ይደነቁራል። ከዚያም በላይ ሐይቅ ዳር ምሰሶ አቁሞ መቆም አደገኛ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ቅጂውን አቁማችሁ ቤት ግቡ።

ጥያቄ፦ ስንት ትዊክ ብቀዳ የወሰን ድግግሞሹ ሁልጊዜ 1,650 ሄርዝ ነው፣ ከፍታው 90.8 ኪሎ ሜትር። ሌሊቱን ሙሉ አይለወጥም። አዮኖስፌሩ እንዲህ የረጋ ነው? (ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)

መልስ፦ አይደለም፤ እየለኩ ያሉት የመብራት ኃይሉን ነው። የኛ መስመር 50 ሄርዝ ነው፣ የ50 ጎዶሎ ብዜቶችም ጠንካሮች ናቸው። 33ኛው ብዜት 1,650፣ 35ኛው 1,750 ነው። የትዊኩ ጭራ (ወደ ወሰኑ የሚወርደው መጨረሻው) ሲደክም ከአጠገቡ ካለው የጉርምርምታ መስመር ጋር ይቀላቀላል፤ ዐይንም ኮምፒዩተርም መስመሩን ተከትለው ይሄዳሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በስፔክትሮግራሙ (ድግግሞሽ ከጊዜ ጋር በሚታይበት ሥዕል) ላይ በሁለት ትዊክ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይመልከቱ። መስመሩ እዚያም ካለ የሰማይ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከከተማው መራቅ፦ ከመስመሩ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ቢርቁ ለውጡ ይታያል። ሁለተኛው የጭራውን ጫፍ በዐይን ማንበብ መተው ነው፤ ከመስመር ቢርቁም ይህን ማድረግ ይገባል። ምክንያቱ የመስኮቱ ስፋት ነው። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ፕሮግራም 1,024 ናሙና የሆነ መስኮት ቢመርጡ 21 ሚሊሰከንድ ይሸፍናል፣ የድግግሞሽ እርከኑም 47 ሄርዝ ነው። 47 ሄርዝ ማለት ከፍታው ላይ 2.4 ኪሎ ሜትር ነው። መስኮቱን ቢያሰፉት ድግግሞሹ ይጠራል፣ ጊዜው ግን ይደበዝዛል።

ይልቅስ በጭራው ላይ ከ1,750 እስከ 2,500 ሄርዝ ባለው ክፍል ስድስት ሰባት ነጥብ ይውሰዱ፤ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ምልክቱ ከሁሉ የሚጎላበትን ቅጽበት ይመዝግቡ። የአንድ ድግግሞሽ ፍጥነት እንዲህ ይሰላል፦ የወሰኑን ድግግሞሽ ለዚያ ድግግሞሽ ያካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ ያባዙ፣ ከ1 ይቀንሱ፣ ስኩዌር ሩት ይውሰዱ፣ በብርሃን ፍጥነት ያባዙ። ሁለት ድግግሞሾች በደረሱበት ጊዜ መካከል ካለው ልዩነት የመብረቁ ርቀት ይወጣል።

ለምሳሌ 1,750ው ከ2,500ው 20 ሚሊሰከንድ ዘግይቷል፣ 2,000ው ደግሞ 3.75 ሚሊሰከንድ እንበል። ወሰኑን 1,700 ብለው ሲያሰሉ ሁለቱም ጥንዶች 2,105 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። ወሰኑን 1,680 ቢሉ ግን የመጀመሪያው 2,700፣ ሁለተኛው 2,280 ይላል። አንድ መብረቅ ሁለት ቦታ ሊወርድ አይችልምና 1,680 ተሳስቷል። በኤክሴል ወሰኑን በ5 ሄርዝ እየለዋወጡ ርቀቶቹ የሚስማሙበትን ይፈልጉ። በዚህ መንገድ ስሕተቱ ወደ 10 ሄርዝ ይወርዳል፤ ይህም ከፍታው ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ከአንድ ትዊክ ምንም አይደምድሙ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ሰብስበው መካከለኛውን ይያዙ።

ጠንካራ ትዊክ ላይ በ3,400 አካባቢ ሁለተኛ ጭራ ካዩ ደስ ይበልዎ። እሱ በእጥፍ የበዛ ኤሌክትሮን ካለበት፣ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ የሚመለስ ነው። የመጀመሪያው 1,700፣ ሁለተኛው 3,370 ሄርዝ ቢሆን፣ ሁለተኛውን ለሁለት አካፍለው ሲያሰሉ 89 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። ኤሌክትሮኑ በ0.8 ኪሎ ሜትር ውስጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ቁጥር ይልቅ አስተላላፊነቱ ወደ ላይ እንዴት እንደሚያድግ ማየት የሚቻለው በዚህ ነው፤ ከሁሉም ውጤት እኛ የምናስበልጠው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ቀን ላይ አንድም ትዊክ አላገኘሁም። መቀበያዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከዘጌ)

መልስ፦ አልተበላሸም። ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ በ88 ኪሎ ሜትር ካለው 15 እጥፍ ይጋጫሉ። ወሰኑ አጠገብ ያለው ሞገድ ደግሞ ቀስ እያለ ብዙ ጊዜ የሚነጥር በመሆኑ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሞክሩ፤ የኮንጎ መብረቅ ገና አልበረደም፣ መንገዱም በሙሉ ጨልሟል።

ጥያቄ፦ የጣና ውኃ ሞገዱን እንደ ባሕር ይረዳዋል? ታንኳ ላይ ብንሠራ ይሻላል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ አይረዳውም። ጣና ጨው የሌለው ውኃ ነው፤ የ1.7 ኪሎሄርዝ ሞገድ በእንዲህ ዓይነት ውኃ ውስጥ ከመቶ ሜትር በላይ ይሰርጋል፣ የጣና ጥልቀት ግን 15 ሜትር አይሞላም። ሞገዱ የሚያየው ከሥር ያለውን ድንጋይ ነው። የሐይቁ ጥቅም መብራት መስመር የሌለበት ሰፊ ቦታ መሆኑ ብቻ ነው። ታንኳ ግን አይሆንም። ቀለበቱ በተወዛወዘ ቁጥር የምድር መግነጢስ ራሱ ቮልቴጅ ይፈጥርበታል፤ ያ ቀርፋፋ ስለሆነ ይጣራል ቢባል እንኳ ሽቦው አጣናው ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣው አይጣራም። ደሴት ላይ ወይም ወደ ውኃው በገባ የብስ ላይ ይትከሉት።

ጥያቄ፦ ወደ ማታ ላይ ጠ-ጠ-ጠ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይገባል። አካባቢያችን ሩዝና ሽንኩርት ማሳ ነው። (ከወረታ)

መልስ፦ ምቱ እኩል ከሆነ የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው፤ ቤንዚን የሚበላው። የሻማው ብልጭታ በእያንዳንዱ ምት ሰፊ ሞገድ ይረጫል። ናፍጣው ሻማ ስለሌለው አይረብሽም። ሌላው ተጠርጣሪ የሶላር ኢንቨርተር ነው፦ እሱ ጠ-ጠ አይልም፣ በስፔክትሮግራሙ ላይ ቀጥ ያሉ የፉጨት መስመሮች ያኖራል። ጎረቤት ሞተሩን እስኪያጠፋ መጠበቅ ከማንኛውም ፊልተር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ የለኝም፣ በስልኬ ብቀዳስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል፣ ሁለት ነገር ካጠፉ። አንደኛው ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነው፤ ትልቅ መብረቅ በመጣ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ትዊክ ይውጠዋል። ሁለተኛው «የጀርባ ጫጫታ» ማጥፊያው ነው፤ ለእሱ ትዊክ ራሱ ጫጫታ ነው። እነዚህን የሚያጠፋና በዌቭ የሚቀዳ መተግበሪያ ይምረጡ። ኤምፒ3 የደከመውን ጭራ ቆርጦ ይጥላል።

ጥያቄ፦ በ7.8 ሄርዝ ያለውን የሹማን ሬዞናንስ በዚሁ ቀለበት መቀበል እንችላለን? እሱም ስለ አስተላላፊነት ይነግራል ይባላል። የፉጨት ሞገድ የሚባለውንስ? (የክበብ አባላት፣ ከፖሊ ግቢ)

መልስ፦ የፉጨቱን ተዉት። ከመብረቅ ተነሥቶ በመግነጢሳዊ መስመር ወደ ጠፈር ወጥቶ በሌላው ንፍቀ ክበብ የሚወርድ ነው። በመግነጢስ ወገብ አጠገብ መስመሮቹ ዝቅ ብለው ስለተኙ ሊሸከሙት አይችሉም።

ሹማን ግን ለባሕር ዳርም ይመጣል፤ የመብረቅ ሞገድ በመሬትና በአዮኖስፌር መካከል ዓለምን ዞሮ ሲያስተጋባ የሚፈጠር ነው። ጀርመናዊው ቪንፍሪድ ኦቶ ሹማን በ1952 ያሰላው፣ ባልሰርና ዋግነር በ1960 የለኩት ነው (ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር)። መሬትና አዮኖስፌር ፍጹም አስተላላፊ ቢሆኑ ኖሮ የመጀመሪያው ድግግሞሽ 10.6 ሄርዝ ይሆን ነበር። የሚለካው 7.8 ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የላይኛው አየር አስተላላፊነት ጉድለት ነውና ድግግሞሹም፣ በስፔክትረሙ ላይ ያለው ጉብታ የሚሰፋበት መጠንም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስላለው አስተላላፊነት ይናገራሉ። የአፍሪካ መብረቅ የሚያይልበት ሰዓት በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ የአሜሪካው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይከተላል።

በዚህ ቀለበት ግን አይሆንም። ምልክቱ አንድ ፒኮቴስላ ያህል ስለሆነ በ7.8 ሄርዝ የሚያስገኘው 2 ናኖቮልት ብቻ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ፐርማሎይ ወይም ፌራይት (መግነጢስን የሚሰበስብ ዘንግ) ላይ በብዙ አሥር ሺህ ዙር የተጠመጠመ ኮይል ነው። እሱም ቢገኝ መቀበር አለበት። የምድር መስክ እዚህ 35,000 ናኖቴስላ ያህል ነው፤ ኮይሉ በአንድ ሚሊዮንኛ ራዲያን ቢነቃነቅ የሚፈጠረው ለውጥ እስከ 35 ፒኮቴስላ ይደርሳል፣ ከምልክቱ 35 እጥፍ ማለት ነው። ነፋስ የዛፉን ሥር ሲያነቃንቅ ይህን ያህል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከዛፍም ከሞገድ መቺ ዳርቻም ርቃችሁ አንድ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ኮይሉን በአሸዋ አጥብቁት፣ ኬብሉንም እስከ መጨረሻው ቅበሩት። ማጉያው ውስጥ የ50 ሄርዝ ማጥፊያ ካልገባ የመብራት መስመሩ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል።